ትንሹ እየረበሸ ትልልቆቹን ቤት ውስጥ እንዴት ላስተምር?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ 7 ዓመቷ ነው፣ ቀጣዩ 5፣ ትንሹ 20 ወሩ። ከመስከረም ጀምሮ ሁለቱን ቤት ነው የማስተምራቸው። ባለቤቴ ኡበር ስለሚሠራ ቀኑን ብቻዬን ነኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደብተር ከፍተን ስንቀመጥ ትንሹ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል፣ ወረቀት ይቀድዳል፣ እርሳስ ይነጥቃል፣ ስከለክለው ይጮኻል። መጨረሻ ላይ ቲቪ እከፍትለታለሁ። ትልቋን ያዥው እላታለሁ፣ እሷም መረራት። እስከ 8 ሰዓት ታግለን ሁለት ገጽ አንጨርስም። ወደ ኋላ የቀሩ ይመስለኛል። አማርኛም ላስተምራቸው አስቤ ነበር፣ እሱማ ቀረ። ትምህርት ቤት ላስገባቸው ወይስ መላ አለው? በነገራችን ላይ ትንሹ ገና ብዙ አያወራም።»

መልስ፦

ሰላም እህቴ። በሕፃናት ትምህርት ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፣ እንዳንቺ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ሐበሻ ቤተሰቦችንም አማክራለሁ። ጥያቄሽ ውስጥ ብዙ ነገር ስላለ መልሴ ይረዝማል። ሰዓቱን ባንቺው በሐበሻ አቆጣጠር እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝን ልንገርሽ። ከ3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ብለሻል። አምስት ሰዓት ሙሉ! የ7 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ስትማር በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ትኩረት ያለው ትምህርት ይበቃታል። ለ5 ዓመቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ እሱም አስር አስር ደቂቃ እየተቆራረጠ። ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ቀኑን ሙሉ እያነበቡ እየጻፉ አይደለም። ክፍል ሙሉ ልጅ ይሰለፋል፣ ምሳ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል። አንቺ ቤት ወረፋ የለም። ልጅሽ ስትሳሳት እዚያው ታያታለሽ፣ ሲገባት ደግሞ ወዲያው ታልፊያለሽ። ስለዚህ አምስት ሰዓቱን ዛሬውኑ ተይው። እሱን ስትተይ ግማሹ ጭንቀት አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር፣ እኔ ከሁሉም ዋናው የምለው፣ ቀኑን ከትንሹ ጀምረሽ መሥራት ነው። አሁን የምታደርጊው የትልልቆቹን ፕሮግራም አውጥተሽ ትንሹን በመሀል ዝም ለማሰኘት መሞከር ነው። የ20 ወር ልጅ ግን ዝም አይልም። ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በላይ አንድ ነገር ላይ ብዙ አይቆይም፣ መውጣት መውረድ የዕድሜው ሥራ ነው፣ ከምንም በላይ ደግሞ የሚፈልገው ያንቺን ፊት ነው። ፊትሽ ደብተር ላይ ሲሆን ደብተሩ ላይ ይወጣል። ምቀኝነት አይደለም፣ ክፋትም አይደለም፣ አንቺ ያለሽበት ቦታ መሆን ነው የፈለገው። እሱ መቼ ይርበዋል? መቼ ይተኛል? መቼ መሮጥ ያምረዋል? እሱን ለጥቂት ቀን በወረቀት ጻፊ። የትልልቆቹ ትምህርት በነዚህ ክፍተቶች ውስጥ ይገባል።

እንዴት? ጠዋት ቁርስ እንዳለቀ ደብተር አትክፈቺ። ወለል ላይ ቁጭ በይና ለትንሹ ሩብ ሰዓት ያህል ሙሉ በሙሉ ስጪው። ስልክሽ ሌላ ክፍል ይሁን። አኩኩሉ ተጫወቺ፣ ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ መጽሐፍ ገልብጪለት፣ ኳስ አንከባሊለት። ትልልቆቹ ከፈለጉ ይግቡበት፣ ካልፈለጉ ይጫወቱ። ልጅ እናቱን ከጠገበ በኋላ ራሱ ተነስቶ ይሄዳል፣ የራሱን ነገር መነካካት ይጀምራል። ያኔ ነው ትልቋን የምትጠሪያት። ብዙ እናቶች ይህን ስነግራቸው «ጊዜ ማባከን ነው» ይሉኛል። ሳይሰጡት የጀመሩ ቀን ግን ያንኑ ሩብ ሰዓት በጩኸትና በ«ተው! ውረድ!» ደጋግመው ይከፍሉታል።

ቀጥሎ የቀን እንቅልፉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከሌሊቱ ጋር ተደምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። አብዛኞቹ ልጆች ከ15 እስከ 18 ወር አካባቢ ሁለቱን የቀን እንቅልፍ ወደ አንድ ያወርዱታል። ስለዚህ ያንቺው ልጅ ምናልባት እኩለ ቀን ላይ አንድ ጥሩ እንቅልፍ ይኖረዋል ብዬ ልገምት። ያ ሰዓት ያንቺ ትምህርት ቤት ነው። ከባዱን ነገር ሁሉ እዚያ አስቀምጪው፦ የትልቋን አዲስ ሒሳብ፣ የመካከለኛውን ንባብ፣ እርሳስና መቀስ የሚፈልግ ሥራ። አውቃለሁ፣ እሱ ሲተኛ ወጥ መሥራት፣ ልብስ ማጠፍ፣ አገር ቤት መደወል ያምርሻል። እሱን ሲነቃ አድርጊው። ሽንኩርት ስትከትፊ የሕፃን ወንበሩ ላይ አጠገብሽ ሊሆን ይችላል፣ ልብስ ስታጥፊ ካልሲ ሊያቀብልሽ ይችላል። ማካፈል ስታስረዪ ግን ሊረዳሽ አይችልም። እንቅልፉ ካለቀ ትምህርቱም ያልቅ፣ የተረፈው ነገ ይደርሳል።

ሦስተኛ ያለሽ ዕድል ምግብ ሰዓት ነው። ቁርስና ምሳ ላይ ትንሹ ወንበሩ ላይ ታስሯል፣ አፉም እጁም ሥራ ይዟል። ያኔ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለሁሉም አንብቢ። አንድ ምዕራፍ ለትልቋ፣ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ለወንዶቹ። ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ የሚቆየው ትምህርት ብዙ ጊዜ ይሄው ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ቀድሞውኑ ተቀምጠዋል። አንቺ መቼ ትበያለሽ ካልሽኝ፣ እነሱ በልተው ለመጫወት ሲነሱ። ደስ ባይልም ይሠራል።

ጠረጴዛውን በተመለከተ፣ ጠዋት ላይ ተዪው። የሚወጣበት ነገር ስላለ ነው የሚወጣው። ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፋችሁ ሥሩ። ለትልቋ የሚጻፍበት ጠንካራ ሰሌዳ ስጫት። ለትንሹም የራሱ ወረቀትና የራሱ ወፍራም ከለር ይኑረው፣ የነሱን ሲነጥቅ የራሱን ታቀብይዋለሽ። እሱ ነጭናጫ የሆነበት ቀን ደግሞ እዘዪው። አያቶቻችን በአንቀልባ አዝለው ስንት ሥራ ሠርተዋል። 20 ወር ልጅ ከባድ ስለሆነ ብዙ አይቆይም፣ ግን ሩብ ሰዓት ጀርባሽ ላይ ሆኖ አንቺ ቆመሽ የመካከለኛውን ፊደል ስታስቆጥሪ ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል። አንዳንዴም ይተኛል።

አንድ ዘንቢል አዘጋጂ፣ በትምህርት ሰዓት ብቻ የሚወርድ። ውስጡ አዲስ መጫወቻ መግዛት የለብሽም። የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ክዳንና እቃ፣ ትንሽ ሰፌድ፣ ሻሽ፣ ባዶ ካርቶን። ትምህርቱ ሲያልቅ ዘንቢሉ ተመልሶ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ዕቃዎቹን አልፎ አልፎ ለዋውጫቸው። ሁልጊዜ ወለል ላይ የሚውል መጫወቻ ልጁ አያየውም፣ ከፍ ካለ ቦታ የወረደ ነገር ግን ብርቅ ነው። ውሃም ብዙ ያቆየዋል፤ ሳፋ ውስጥ ትንሽ ውሃና ሁለት ኩባያ። ውሃ ካለ ግን ዓይንሽ እዚያ መሆን አለበት፤ የአምስት ሳንቲሜትር ውሃ እንኳን ለዚህ ዕድሜ ልጅ ሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ እሱን ልብስ የምታጥፊበት ሰዓት ላይ አድርጊው እንጂ ሒሳብ የምታስረጂበት ሰዓት ላይ አይሁን።

እዚህ ላይ ስለ አደጋ ቆም ብዬ ላውራ፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ የሚማሩበት ቤት በትናንሽ ነገሮች የተሞላ ነው። ለመቁጠሪያ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ዶቃ ትሰጫቸዋለሽ፣ አንዱ ይወድቃል፣ ትንሹ አፉ ውስጥ ይከተዋል። የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል መሀሉ ላይ ያለውን የካርቶን ቱቦ ያዢና ሞክሪ፤ በዚያ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሊያንቀው ይችላል። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ የወይን ፍሬም ሙሉውን አይሰጥም፣ ርዝመቱን ተሰንጥቆ ነው። በቤታችን ይሄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ቆሎው ሳህን ሙሉ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከፍ አድርጊው። ቡና ስታፈዪም እንደዚያው፤ ረከቦቱ ወለል ላይ፣ ጀበናው የፈላ፣ ድክ ድክ የሚል ልጅ በአጠገቡ፣ ይህ አንድ ላይ አይሄድም። ሲተኛ አፍዪ፣ አለበለዚያ ረከቦቱን እጁ ከማይደርስበት ላይ አድርጊው።

ከሁሉም የማስጠነቅቅሽ ግን እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነችዋን ባትሪ ነው። በሪሞት፣ በሚዛን፣ በሚዘምር መጽሐፍ ውስጥ አለች። ልጅ ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ እቤት ጠብቀሽ አትመልከቺ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የመርዝ መረጃ ማዕከሉን ስልክ 1-800-222-1222 ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል፣ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ያገናኙሻል።

አሁን ወደ ትልቋ ልጅሽ ልምጣ። «ያዥው እላታለሁ፣ እሷም መረራት» ያልሽው ልቤን ነክቶታል። በኛ ባህል የመጀመሪያ ልጅ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ሳይታወቃት ሁለተኛ እናት ትሆናለች። ብዙዎቻችን እንዲያ ነው ያደግነው፣ ጥሩም ነገር አለው፣ ታናናሾቿን ትወዳለች፣ ኃላፊነት ታውቃለች። ግን የቤት ትምህርት ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ቢያንስ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ከሞግዚትነት ታርፋለች። የልጅሽ ትምህርት ቤትም ቤትም እዚያው ነው፣ ስለዚህ እረፍት የላትም። በዚያ ላይ የምትማርበት ሰዓት ነው የሚወሰድባት። ስትማር «ተነሺ፣ ወንድምሽን ያዢ» ካልናት ትምህርቷ ከሁሉም በታች መሆኑን ነው የምትረዳው። ለዚህም ይመስለኛል የመረራት።

እንዲህ ብታደርጊስ? ሥራውን ተራ አድርጊው፣ አጭርም ይሁን፣ መጀመሪያና መጨረሻውም ይታወቅ። «አሁን ወንድምሽን ይዘሽ ሩብ ሰዓት ትጫወቻለሽ፣ እኔ ከመካከለኛው ጋር አነባለሁ። ሰዓቱ ሲጮህ አንቺ ነፃ ነሽ» በያት፣ የወጥ ቤት ሰዓት ሙዪ፣ ሲጮህም ቃልሽን ጠብቂ። ከዚያ ተራው የ5 ዓመቱ ይሆናል፤ አምስት ደቂቃም ብትሆን ኳስ ያንከባልልለት። ወንድ ልጅም ታናሹን መያዝ ይማር፣ ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምልሽ። ሁሌም አንቺ እዚያው ክፍል ውስጥ ሁኚ፤ የ7 ዓመት ልጅ የ20 ወር ልጅ ጠባቂ መሆን አትችልም፣ አጫዋች ነው መሆን የምትችለው። ከተቻለ ደግሞ ማታ ሁለቱ ወንዶች ከተኙ በኋላ ለእሷ ብቻ አስር ደቂቃ ስጫት። ትምህርት አይደለም። ታውራሽ።

ቲቪውን በተመለከተ ራስሽን አትውቀሺ፣ ግን አጠቃቀሙን እናስተካክል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 በፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ከ18 ወር በታች ከቪዲዮ ስልክ በቀር ስክሪን አይመክርም፤ ከ18 እስከ 24 ወር ላለ ልጅ ጥሩ የተመረጠ ነገር፣ ከወላጅ ጋር ሆኖ፤ ከ2 እስከ 5 ዓመት በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። ችግሩ አንቺ ቲቪውን የምትከፍቺው ልጁ ሲጮህ መሆኑ ነው። እሱ ታዲያ ምን ተማረ? መጮህ ቲቪ ያመጣል። ጨርሰሽ መተው ካልቻልሽ የተወሰነች ሰዓት ስጪው፣ ለምሳሌ ማታ ራት ስትሠሪ ሃያ ደቂቃ፣ ጮኸም አልጮኸም። በሌላ ሰዓት ቲቪው ጥቁር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ ከዚያ መጠየቁን ይቀንሳል። ለትልልቆቹም ሌላ ጥቅም አለው፤ ከኋላቸው ካርቱን እየሮጠ ማንም ልጅ አያነብም።

የቪዲዮ ስልኩ ግን ሌላ ነው፣ እሱን ተጠቀሚበት። አገር ቤት አያት ካለች ወይም አክስት፣ በሳምንት ጥቂት ቀን መምህር አድርጊያት። እዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በበጋው የአሜሪካ ሰዓት 11 ሰዓት፣ በክረምቱ 12 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ሰዓት ሲቀየር ስምንት ይሆናል። አያት ከሥራዋ አረፍ የምትልበት ሰዓት ነው። «ተረት ተረት» ትበል፣ እነሱ «የላም በረት» ይበሉ። ስልኩን ከፍ አድርገሽ አቁሚው እንጂ ለትንሹ አትስጪው። አያት ስታወራላቸው አንቺ ዳይፐር ትቀይሪያለሽ። የሰዓቱ ልዩነት ራሱ ደግሞ ለትልቋ ሒሳብ ነው። «እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር አስር ሰዓት ከሆነ እማማ ጋ ስንት ሰዓት ነው? በአማርኛስ?» ስድስት መቀነስ፣ ሰባት መደመር። ዘመን አቆጣጠሩም እንደዚያው፣ 12 ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት። እነዚህ ወርክሺት አይፈልጉም፣ ወጥ እያማሰልሽ ይጠየቃሉ። አምባሻ ስትቆርሺ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ በያት።

አማርኛው ቀረ ያልሽው አይቅር። እንዲያውም ለእንደ አንቺ ቤት የሚመች ትምህርት እሱ ነው፣ ምክንያቱም በአፍ ነው የሚጀምረው። ፊደሉ 33 በ7 ነው፣ 231። ይህን ገበታ ሙሉ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ብትጀምሪ መካከለኛው ይደክመዋል። በዜማ መቁጠሩ ጥሩ ነው፣ ትንሹም አብሮ ይጮኻል፣ ይጨፍራል። ማንበብ ለማስጀመር ግን ቅርጻቸው የማይዘበራረቅ ጥቂት ፊደላት ምረጪ። ለ፣ በ፣ ሰ እና ከ ጥሩ ናቸው። ካዕቡ መሀል ላይ ጎኑን ይዘረጋል፣ ሉ ቡ ሱ ኩ። ሣልሱ እግሩ ሥር ይዘረጋል፣ ሊ ቢ ሲ ኪ። ኃምሱ እግሩ ሥር ቀለበት አለው፣ ሌ ቤ ሴ ኬ። ራብዑ አንድ እግሩ ይረዝማል፣ ላ ባ ሳ ካ። ልጁ ይህን አንዴ ካየው የሌላውን ቤት ራሱ ይገምታል። በነዚህ ብቻ ላባ፣ ሌባ፣ ካባ ብሎ ያነባል! በመጀመሪያው ሳምንት ቃል ያነበበ ልጅ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታያለሽ። ሳድስና ሳብዕ ስለሚለያዩ በኋላ ይምጡ።

የማስተማሩንም ሥራ አካፍይ። በድሮው የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ልጅ አንድ በአንድ አያስቆጥሩም ነበር፤ ትልቁ ታናሹን ያስቆጥራል፣ የኔታ ደግሞ ትልቁን ይሰሙታል። ትልቋ ለመካከለኛው በቀን አንድ ቤት ታስቆጥረው፣ አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ ትንሹን አብዪ። ይሄ ከሞግዚትነት ይለያል፣ እሷም እያስተማረች የራሷን ታጠናለች፣ ደስም ይላታል። ውጭ ስትወጡ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ ሥሩና ሳጥኖቹ ውስጥ ፊደል ጻፉ። ገበጣም ለቆጠራ ግሩም ነው፣ ጠጠሩ ትናንሽ ስለሆነ ግን ትንሹ ተኝቶ ነው የሚጫወቱት።

በየቀኑ መውጣት አለባችሁ፣ ብርድም ቢሆን። ያልሮጠ ልጅ አይተኛም፣ እሱ ካልተኛ ደግሞ ያ ሁሉ ያወራነው እቅድ ይፈርሳል። ስለዚህ ጠዋት ጥቂት ትምህርት፣ ከዚያ ፓርክ፣ ከዚያ ምሳና ንባብ፣ ከዚያ እንቅልፍና ከባዱ ትምህርት፣ ከዚያ በኋላ ነፃ። የቀኑ ቅርጽ ይሄ ነው፣ ደቂቃውን አትቁጠሪ። ሳምንት አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ሂዱ፤ ለሕፃናት የተረት ሰዓት በነፃ አላቸው፣ ትንሹ እዚያ ሲዘምር ትልልቆቹ መጽሐፍ ይመርጣሉ። ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ በሰማያዊው ሜትሮ መስመር ዲሲ፣ ስሚዝሶኒያን ጣቢያ ድረስ በቀጥታ ትደርሳላችሁ። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ መግቢያ ነፃ ነው፣ ሰፊ ስለሆነ ትንሹ ቢሮጥም ማንም ፊቱን አያጠቁርባችሁም። የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሹ ጋ ስትደርሱ ስለ ድንቅነሽ ንገሪያቸው፣ በ1974 በፈረንጅ አቆጣጠር አፋር፣ ሐዳር እንደተገኘች፣ እውነተኛ አፅሟም አዲስ አበባ እንዳለ። ሁለት አዳራሽ አይታችሁ ተመለሱ፣ ሁሉንም ለማየት አትሞክሪ።

ሕጉን በአጭሩ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ይፈራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ለማስተማር በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢሽ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ (ሱፐርኢንተንደንት) ማሳወቂያ ይላካል፣ ከሚማሯቸው የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ጋር። የወላጁም መስፈርት አለ፣ የ12ኛ ክፍል ዲፕሎማ አንዱ ነው። የአሌክሳንድሪያ አድራሻ ያለው ሰው ሁሉ አሌክሳንድሪያ ከተማ አይደለም፣ ብዙው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆንሽ አረጋግጠሽ ላኪ። የ5 ዓመቱም ሴፕቴምበር 30 ላይ 5 ከሞላው ማሳወቂያው ውስጥ ይገባል። ዓመቱ ሲያልቅ እስከ ኦገስት 1 መማራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈለጋል፤ ወይ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመዘነ ፈተና አራተኛ ስታናይን (ውጤቱ በዘጠኝ ደረጃ ሲከፈል አራተኛው) ወይም ከዚያ በላይ፣ ይኸውም ከመቶ ልጆች 23ኛው ደረጃ አካባቢ ጀምሮ ማለት ነው፣ ወይ የመምህርነት ፈቃድ ያለው ሰው የልጅቷን ሥራ አይቶ የሚጽፈው ደብዳቤ። የትምህርት ዓመቱ ሲጀምር ሴፕቴምበር 30 ላይ 6 ያልሞላው ልጅ ማስረጃ አይጠየቅም፣ ስለዚህ የመካከለኛው ገና ነው። ለትልቋ በየሳምንቱ ከሠራችው ጥቂት ወረቀት ቀን ጽፈሽ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ። ወደ ኋላ ቀርታ እንደሆነም ከሁሉ በተሻለ የሚነግርሽ ያ ፎልደር ነው፤ የመስከረሙንና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጊና እዪ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ያላችሁ ሕጋችሁ ይለያል፤ ጀርመንና ስዊድን ያላችሁ ደግሞ እዚያ ቤት ማስተማር በመሠረቱ አይፈቀድም፣ አማርኛውን ግን ማንም አይከለክላችሁም።

ባለቤትሽ ኡበር ከሠራ ሰዓቱን በተወሰነ ደረጃ ራሱ ያወጣል ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ቤት ቢሆን፣ ወይም ትንሹን ጋሪ ላይ አድርጎ ቢያወጣው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። «እርዳኝ» ብቻ አትበዪው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ለዪው። አባትም ሒሳብ ማስተማር ይችላል፣ የቤንዚን ዋጋና የመንገድ ርቀት ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ትምህርት ቤት ላስገባቸው ወይ ላልሽው፣ አሁን አትወስኚ። ደክሞሽ ነው የጻፍሽው፣ ያስታውቃል። ይህን አካሄድ ለሁለት ወር ሞክሪው። ከዚያ በኋላ ትልቋ አሁንም ከመረራት፣ ወይም አንቺ በየቀኑ እያለቀስሽ ከሆነ፣ ያለ ምንም ጸጸት አስገቢያቸው፣ ሰፈርሽ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በማንኛውም ወር ይቀበላቸዋል። አንዷን አስገብቶ አንዱን ቤት ማስተማርም ይቻላል። በኔ ግምት ግን ሰዓቱ ካጠረና ቀኑ ከትንሹ ከጀመረ ቤትሽ ይረጋጋል።

በመጨረሻ በአንድ መስመር ያለፍሽውን ላንሳ። ትንሹ ብዙ አያወራም ብለሻል። ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው የሚሉሽ ሰዎች ይኖራሉ፣ አማርኛውን ተዪው የሚሉሽም ይኖራሉ። ሁለት ቋንቋ ልጅን ከማውራት አያዘገይም፣ አማርኛውን እንዳትተዪ። የሚላቸውን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ አንድ ላይ ቁጠሪ፤ «ውሃ»ም ቃል ነው፣ «ቦል»ም ቃል ነው። በ18 ወር አንድ ልጅ ከእማና ከአባ ሌላ ቢያንስ ሦስት ቃላት ለማለት ይሞክራል፣ 2 ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃል ያያይዛል፣ «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት። ሦስቱ ቃላት ከሌሉት፣ ወይም ስትጠሪው የማይዞር ከሆነ፣ ወይም በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይሽ ከሆነ 2 ዓመቱን አትጠብቂ። ለሕፃናት ሐኪሙ ንገሪ፣ የጆሮ ምርመራም ጠይቂ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ያለ ሐኪም ደብዳቤ ራስሽ መደወል ትችያለሽ፣ ምርመራው በነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ጠይቂ። ስትደውዪ የቃላቱን ዝርዝር ይዘሽ ደውዪ፣ የሚጠይቁሽ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።